ከሰባቱ ቤት የጎደለችው

ፈንታሁንን ያወቅሁት ዳቦ ሊበላ የመጣ ሰው መስሎኝ ነው።

ያን ጊዜ «ሐረግ» የሚባል የስልክ ሶፍትዌር የሙከራ ቀን አዘጋጅ ነበርኩ። ሐረግ የማንም የግል ሀብት አይደለም። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያርመዋል፣ ሁሉም በነጻ ይጠቀምበታል። የሠሩት በየከተማው ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሥራው ዘር መቁጠር ነው፤ የሁለት ሰዎችን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ስታስገባበት በስንት ቤት እንደሚገናኙ ይነግርሃል። በእኛ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። በሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ካልሞላ ጋብቻ የለም፤ ድግሱ ተደግሶ ጠላው ተጠምቆ እንኳ ቢሆን ይቀራል።

እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ የኮምፒውተር መምህርት ነኝ። ኮድ መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም፤ ሰው መሰብሰብ ግን እችልበታለሁ። አዳራሽ እለምናለሁ፣ ዳቦና ሻይ አዘጋጃለሁ፣ ቄሱንም ገበሬውንም ተማሪውንም አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ ስልክ አስይዛቸዋለሁ። ከዚያ «እስቲ አበላሹት» እላቸዋለሁ። የሶፍትዌር ጉድለት የሚወጣው የሠራው ሰው ያላሰበውን ነገር ሌላ ሰው ሲያደርግበት ነው።

የሙከራ ቀናችን አንድ ሕግ ነበረው። ስሕተት ያገኘ ሰው ይነሣል፤ ስሙን ከነአባቱ ይናገራል፤ ስሕተቱን ለሁሉም ያስረዳል፤ አዳራሹ ያጨበጭብለታል። በኋላም ስሙ ሶፍትዌሩ ውስጥ «ስሕተት ያገኙልን» በሚለው ገጽ ላይ ይገባል። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ነበር። ስሕተት ተናግሮ የሚጨበጨብለት ሰው የት ታይቶ ያውቃል?

በመጀመሪያው የሙከራ ቀን አንድ ረጅም ወጣት ከኋላ ተቀምጦ፣ ስልክ ሳይነካ የሰው ጣት ሲያይ ዋለ። ሁለተኛውን ዳቦ ሲያነሣ አላስቻለኝም።

«ወንድሜ፣ ከበላህ አይቀር ሞክር እንጂ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ፈገግ ሳይል ስልኩን ተቀበለኝና ሁለት ሦስት ቦታ ነካካው። ስልኩ ቀጥ አለ።

«ስሕተት አገኘሁ» አለ።

«እንግዲያው ተነሥተህ ተናገር። ሕጉ ነው።»

ተነሣ። «ፈንታሁን አንዱአምላክ እባላለሁ። አገሬ ገሳይ ነው። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ካስገባችሁት ቆጠራው ይቆማል። ይህን የቆጠራውን ክፍል የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ አጨበጨቡለት። እኔ ግን ፊቴን የማስቀምጥበት ጠፋኝ። ለካስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ስሙን በኢሜይል ብቻ የማውቀው ሰው ኖሯል።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ። «ዳቦው ጥሩ ነበር» አለኝ። ቤቴ እስክደርስ ለብቻዬ ስስቅ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ የሙከራ ቀን ባለ ቁጥር አብረን ነበርን። እኔ ሰው ስሰበስብ እሱ ጄኔሬተር ያስነሣል፤ እኔ ስናገር እሱ ዝም ብሎ የሰው ጣት ያያል። ሐሙሲት በገበያ ቀን አንድ ባዶ የእህል መጋዘን ለምነን ሞካሪ ስንጠብቅ፣ ፍቅርተ የምትባል ሽንኩርት ሻጭ ገባች። ልጇን ማስገባት ጀመረች። ስልኩ የልጁን አባት ስም ጠየቃት፤ ያንን ካልሞላች አያሳልፋትም። እሷም ያለ ምንም ጭንቀት የራሷን አባት ስም ሞላችበት።

«የልጁ አባት ይህ ነው እንዴ?» አላት ፈንታሁን።

«የወለደውን ተወው፤ ያሳደገው አባቴ ነው። ትምህርት ቤትም በአባቴ ስም ነው የሚጠራ» አለችና ደንበኛ ጠርቷት ወጣች።

ሶፍትዌሩ እሺ ብሎ ቀጠለ፤ እኛም ቀጠልን። ተነሥቶ ስሕተት አለ ያለ ሰው ስላልነበረ አላጨበጨብንም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መሽቷል፣ ደክሞናል።

«ሰው ስታዢ የመቶ አለቃ ትመስያለሽ» አለኝ።

«አንተ ደግሞ ዝም ስትል ግድግዳ ትመስላለህ።»

«ግድግዳ ይደገፉታል» አለ። ይህን ያለው በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ነው።

ትንሽ አሰብኩ። ከዚያ ትከሻው ላይ ተደገፍኩ። ደብረ ታቦር እስክንደርስ ሁለታችንም አልተናገርንም፤ እሱም ትከሻውን አላነቃነቀም። ወዶኛል ብዬ የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው፤ ክንዱ ደንዝዞ ከመኪናው ሲወርድ በሌላኛው እጁ ሲያሻሸው አይቼዋለሁና።

ክረምቱ ወጥቶ ገብስ መታጨድ ሲጀምር መነኸሪያው አጥር ሥር ቆመን እንዲህ አለኝ፦

«ሽማግሌ ልልክ ነው።»

«ወደ ማን?»

«ወደ አባትሽ ነዋ።»

«አባቴን አታውቃቸውም። ሽማግሌ ሁሉ እሳቸውን ፈርቶ ነው የሚኖር።»

እውነቴን ነበር። አባቴ አቶ ይሻው በላይ ዘር ቆጣሪ ናቸው። በደብረ ታቦር ዙሪያ ልጅ የሚድር ሰው መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆጥራሉ። ይጋባሉ ካሉ ይጋባሉ፤ አይጋቡም ካሉ ለሠርግ የተጠመቀው ጠላ ለሰንበቴ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የሚያለቅሱ ልጃገረዶች ግቢያችን ድረስ ሲመጡ አይቻለሁ። አባቴ አይቆጡም፣ አያባብሉም። «እኔ አልወለድኳችሁም፤ የቆጠርኩት የወለዷችሁን ነው» ይሉና ይገባሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ እኔም ቃላቸውን እንደ ወንጌል አይ ነበር።

የእኔንና የፈንታሁንን ለምን ቀድመን እንዳልቆጠርን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። የእሱ ወገን ከጉና ማዶ፣ የእኔ ከከተማው ዙሪያ፤ ምን ሊያገናኘን ብለን ነው መሰለኝ። ወይም ፈርተን ይሆናል። የሰውን ሁሉ ዘር ስናስቆጥር የራሳችንን ሳንነካ ቆየን።

በኅዳር ትልቁን የሙከራ ቀን ደብረ ታቦር ላይ አደረግን። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን ፕሮጀክተር አበራንበት። አዳራሹ ጢም አለ። አባቴን የጋበዝኳቸው ሶፍትዌሩን እንዲፈትኑልን ነው፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው የሰው ዘር በቃላቸው ይቆጥራሉ፣ ስልኩ ይቆጥራል፣ ይገጥማል፣ ሰው ያጨበጭባል። አባቴ እንኳ ጢማቸውን እየዳበሱ «እንዲያው ብልህ ነገር ነው» አሉ። የፈንታሁን እናት እትዬ ያለምወርቅም ከገሳይ መጥተው ነበር። ለሶፍትዌሩ ሳይሆን እኔን ሊያዩ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ጠዋት ሰላም ስላቸው እጄን ያዝ አድርገው ቆይተዋል።

ከኋላ አንድ ድምፅ «የአዘጋጆቹንስ ለምን አንቆጥርም?» አለ። ሳቅ ሆነ። ወሬያችን ከተማውን አዳርሶ ኖሯል።

ፈንታሁን አየኝ። እኔም አየሁት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ በሰው ሁሉ ፊት የሚሆን ሌላ ምን አለ ብዬ። በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ።

እትዬ ያለምወርቅ ቀደሙ። ከልጃቸው ጀምረው ወደ ላይ እየቆጠሩ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ መጨረሻው «ውቤ ገላው» ላይ ደረሰ። «ጉና ሥር ያረፉት ባላምባራስ ገላው» አሉ በኩራት።

አባቴ ከዘራቸውን ጨበጥ አደረጉ። ያን አየሁ፤ ግን አልገባኝም።

ተራቸው ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ስርጉት ይሻው። ይሻው በላይ። በላይ ደምሴ።» እዚያ ላይ ቆም አሉ። አባቴ ሲቆጥሩ ቆም ብለው አያውቁም። ዓይናቸውን ገልጠው እኔን አዩኝና መልሰው ጨፈኑ። «ደምሴ ካሣ። ካሣ እንግዳ። እንግዳ ገላው።»

ገላው የሚለውን ስጽፍ እኚያው ባላምባራስ መሆናቸው ገባኝ። አንሶላው ቀይ ሆነ።

«አይጋቡም። በአንድ ወገን ሰባት፣ በሌላው ስድስት» የሚል ጽሑፍ ወጣበት።

ጄኔሬተሩ ብቻ ውጭ ይጮኻል። እትዬ ያለምወርቅ ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ሳቡ። የቀዩ ብርሃን የአባቴ ፊት ላይ አርፎ ነበር፤ ዓይናቸውን አልገለጡም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው ማለት ነው። ይህን አዳራሽ የለመንኩት እኔ፣ አንሶላውን የወጠርኩት እኔ፣ ሰዉን የጠራሁት እኔ።

ሰው አንድ በአንድ፣ ከለቅሶ ቤት እንደሚወጣ ሁሉ እየተጎነበሰ ወጣ። ፈንታሁንን ከአዳራሹ ጓሮ አገኘሁት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«‹አይጋቡም› የሚለውን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ለስለስ ያለ ቃል እንጠቀም ብለውኝ ነበር። ግልጽ ይሁን ብዬ ተከራከርኩ።»

«ስሕተት ሊሆን ይችላል።»

«ቆጠራውን ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ፣ ስርጉት።»

«አንተ ፈትሸኸዋል። የሠራው ሰው ጉድለቱን አያይም ስንል አልነበር?»

«አባትሽም ቆጥረዋል። እሳቸው ሲሳሳቱ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

አልሰማሁም። እጁን ወደ እኔ ዘረጋና መንገድ ላይ መለሰው። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ደህና ሁኚ፣ እህቴ» አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሲሄድ ጀርባውን እያየሁ፣ ለማልቀስ እንኳ ስላልደረሰልኝ፣ ዝም ብዬ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ሰውን ከነሕይወቱ እንዲህ ያደርቃል ብዬ አላስብም ነበር።

ከዚያ በኋላ አልተገናኘንም። አዲስ አበባ ሥራ እንዳመለከተ፣ የገሳዩ የሙከራ ቀን ላይ የኮዱን ሥራ ለሌሎች አስረክቦ እንደሚሄድ በአጭር መልእክት አሳወቀኝ። ገሳይ ቃል የገባንበት ቦታ ስለሆነ ማስቀረት አልቻልኩም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነው፤ የጠላሁትን ሶፍትዌር በየቀኑ ከፍቼ ስሕተት እፈልግበት ጀመር። ስሕተት ካለ ተስፋ አለ ማለት ነው። የመጣልኝን ሁሉ ሞላሁበት፤ ሁለት ጊዜ የተጠመቀ፣ ስሙን የለወጠ፣ ልጁን ያሳደገ አጎት። ሁሉንም ቻለው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ የማላውቀው ሕፃን ፈጥሬ ማስገባት ጀመርኩ። ስልኩ የአባቱን ስም ጠየቀኝ። አባት አላዘጋጀሁለትም ነበር፤ ለማለፍ ብዬ አያቱን ጻፍኩለት። አለፈ።

ፍቅርተ ትዝ አለችኝ። ልጇን በአባቷ ስም ያስገባች ጊዜ ሶፍትዌሩ እሷን ዘሎ አልነበር? ልጁ የአያቱ ልጅ ሆነ፤ እናቲቱ ከመካከል ጠፋች፤ ከቆጠራውም አንድ ቤት ጎደለ። ቀጥሎ የአባቴ ድምፅ መጣብኝ። «በላይ ደምሴ» ብለው ቆም ያሉት።

አባቴ ጓሮ የአጥሩን ሣር እያጨዱ ነበር።

«አባዬ፣ ቅድመ አያቴን ደምሴን ያሳደጓቸው ማን ናቸው?»

«ካሣ ነዋ» አሉ ቀና ሳይሉ።

«የወለዷቸውስ?»

ማጭዱ እጃቸው ላይ ቆመ። ቀስ ብለው ዞሩ።

«ማን ነገረሽ?» አሉ።

እንዲህ እንዲሉ አልጠበቅሁም። «ምን ማለትሽ ነው» ይሉኛል፣ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ያውቃሉ ማለት ነው» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

«ያን ቀን አዳራሹ ውስጥም?»

«ያን ቀንም አውቅ ነበር።»

«አንሶላው ሲቀላ እያዩ። እኔ ልጅዎ እንደዚያ ስሆን እያዩ። አንድ ስም ቢጨምሩ ሰባት እንደሚሞላ እያወቁ ዝም አሉ?»

«ዝም አልኩ» አሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር። «ለአያቴ ቃል አለብኝ፣ ስርጉት። ደግሞም ዲቃላ የሚለው ስም ስንት ትውልድ እየተከተለ እንደሚያሳድድ አንቺ አታውቂም። እኔ ዘር ቆጣሪ ነኝ፤ አውቃለሁ። ለጋብቻ የሚቀርብልኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።»

«እኔስ?»

ማጭዱን አጥሩ ላይ ሰክተው ገቡ። በሕይወቴ አባቴን የጠላሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ጠልቼም እራት አቀረብኩላቸው።

ለፈንታሁን ልነግረው ስልኩን ስንት ጊዜ አንሥቼ አስቀመጥኩ። ምን ብዬ? ማስረጃዬ የአባቴ ዝምታ ነው። እሳቸው ካልተናገሩ፣ ለማግባት ብላ በሙት ላይ ታሪክ ፈጠረች እባላለሁ። ደግሞ ምሥጢሩ የእኔ አልነበረም። የጠፋችውን እናት ስሟን እንኳ አላውቅም ነበር።

ገሳይ ብርድ ነበር፤ የጉና ነፋስ በትምህርት ቤቱ መስኮት እየገባ አንሶላችንን ያወዛውዘዋል። ፈንታሁን ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጦ አቀርቅሯል። ከስቷል። «እንደምን አደርሽ» አለኝ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልተለዋወጥንም። አገራቸው ነውና እትዬ ያለምወርቅም ከጎረቤቶቻቸው ጋር መጥተው ከኋላ ተቀምጠዋል። እኔን እንዳያዩ ብዙ ይጥሩ ነበር።

ሥራው ተጋግሎ ሳለ በሩ ተከፈተ። አባቴ ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ማንንም ሳያስከትሉ። ጠዋት ስወጣ አልጋ ላይ ትቻቸው ነበር የመጣሁት። ዳቦና ስልክ የምታድለውን ልጅ «ለእኔም ስጪኝ» ብለው ስልኩን ተቀብለው ተቀመጡ። በአንዲት ጣታቸው ቀስ እያሉ ይነካኩ ጀመር።

ብዙም ሳይቆዩ ተነሡ።

«ይሻው በላይ እባላለሁ» አሉ። «ስሕተት አግኝቻለሁ።»

ፈንታሁን ቀና አለ።

«ልጅ ሳለሁ አያቴን ደምሴን እየመራሁ የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ፤ ዓይናቸው ደክሞ ነበርና። በየዓመቱ በአስተርእዮ ማርያም አንዲት መቃብር ጋ አድርሰኝ ይሉኛል። የእህታቸው የብርቄ መቃብር ነው ይባላል። አንድ ዓመት ራቅ ብዬ ቆሜ ሳለ መቃብሩ ላይ ተደፍተው ‹እማዬ› ሲሉ ሰማኋቸው።»

ከኋላ አንዲት ሴት «እግዚኦ» አለች በቀስታ።

«ብርቄ የካሣ ልጅ ናት። ባል ሳታገባ ወለደች። ካሣ ልጁን ከእቅፏ ወስዶ ልጄ ነው አለ። ደምሴ እናቱን እህቴ እያለ አደገ፤ እህቴ እያለ ቀበራት። እንደሰማሁ ሲያውቁ ‹ሰማህ? እንግዲህ አፍህን ዝጋ› አሉኝ። ዘጋሁ። እስከ ዛሬ ዘግቼ ነበር።» ትንፋሽ ወሰዱ። «የዚህ ስልክ ስሕተት ይህ ነው። አባት ከሌለ አያሳልፍም። አባት ያጣ ልጅ አያቱን አባት ያደርጋል፣ እናቲቱ ትጠፋለች፣ አንድ ቤት ይጎድላል። በስልኩ አትፍረዱ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚሁ ስቆጥር ኖሬያለሁ። ስንት ሠርግ በዚህ እንዳስቀረሁ እሱ ፈጣሪ ያውቃል።»

ቁጭ አላሉም። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ።

ፈንታሁን ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ጣቶቹ እየተሳሳቱ፣ እያጠፋ እየጻፈ፣ አባት የግድ የሚለውን ትእዛዝ ከኮዱ አወጣ። ኮዱ ክፍት ነውና ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገውም። ማንም ከመቀመጫው አልተነሣም። ሻዩ በየብርጭቆው ቀዘቀዘ።

«አቶ ይሻው» አለ በመጨረሻ፣ ሳይዞር። «የደምሴን አባት ቦታ ምን ልበለው?»

«ባዶ ተወው፣ ልጄ። ባዶ ነበር።»

እኔ ሄጄ ጎኑ ቆምኩና በካሣና በደምሴ መካከል «ብርቄ» ብዬ ጻፍኩ። አንሶላው ትንሽ አሰበ። አረንጓዴ ሆነ። በሁለቱም ወገን ሰባት።

ያን ጊዜም የተንቀሳቀሰ ሰው የለም። ሁሉም አባቴን እያየ ደርቋል። በዚያ ዝምታ ውስጥ አባቴ እያረጁ ሲሄዱ ይታየኝ ነበር። ከኋላ ወንበር ተገፋ። እትዬ ያለምወርቅ ተነሥተው ያጨበጭባሉ። ብቻቸውን።

«ምነው?» አሉ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞረው። «ሕጉ ማጨብጨብ ነው አላሉም? ዲቃላ ያልተወለደበት ቤት ያለው ሰው ካለ ይቀመጥ።»

ተቀምጦ የቀረ አልነበረም። አዳራሹ ሲያጨበጭብ በቆርቆሮው ጣራ ላይ ዝናብ የመጣ ይመስል ነበር። እትዬ ያለምወርቅ በሰው መካከል እያለፉ አባቴ ፊት ደረሱ፤ ሁለቱም እጅ ተነሣሡ።

«አቶ ይሻው፣ ሽማግሌ ብልክ ይቀበሉኛል?»

«ዘር መቁጠር ብቻ ነው የማውቀው» አሉ አባቴ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ቆጥሬያለሁ። ሞልቷል።»

ፈንታሁን ከወንበሩ ተነሥቶ አጠገቤ ቆመ። ከኅዳር ወዲህ ያን ቀን ነው ዓይኔን ያየኝ።

«እህቴ ብዬሽ ነበር» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«ስሕተት ነበር።»

«እንግዲያው ለሰው ተናገር» አልኩት። «ሕጉ ነው።»

የምቀልድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወደ አዳራሹ ዞረ። «ፈንታሁን አንዱአምላክ እባላለሁ» አለ። «ይህችን ልጅ በአንድ ክፉ ቀን እህቴ ብያት ነበር። ተሳስቼ ነበር።»

የተጨበጨበለትን አልሰማሁም። እያለቀስኩ ነበር፤ የኅዳሩ ለቅሶ ያን ጊዜ ነው የደረሰልኝ። እሱም ትከሻውን ጠጋ አደረገልኝ።

ሰው ተበትኖ አንሶላውን ስናጥፍ፣ «ስሕተት ያገኙልን» የሚለውን ገጽ ከፍቼ የአባቴን ስም ላስገባ ስል እጄን ያዙኝ።

«የእኔን አትጻፊ።»

«ሕጉ ነው እኮ፣ አባዬ። ያገኙት እርስዎ ነዎት።»

«እኔማ የደበቅሁት ነኝ» አሉ። ማያ ገጹን ትንሽ አዩት። «የአያቴን ጻፊ። ከነስማቸው።»

«ደምሴ ካሣ ብዬ?»

አባቴ በእምቢታ ራሳቸውን ወዘወዙ። ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ቆጠሩልኝ።

በጥር ተጋባን። ዛሬም ሐረግን በስልኩ የከፈተ ሰው፣ ስሕተት ካገኙት ሰዎች መካከል፣ ስልክ የሚባል ነገር በእጁ ሳይነካ ያረፈ የአንድ ሰው ስም ያገኛል። «ደምሴ ብርቄ» ይላል።